የሦስት ወሩ መርፌ፦ በእስራኤል በኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች ዙሪያ የተነሣው የወሊድ መቆጣጠሪያ ጉዳይ

በጃንዋሪ 2013 የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለአራቱ የአገሪቱ የጤና መድን ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ደብዳቤው ለሴቶች ሐኪሞች የተላለፈ መመሪያ ነበር። የኢትዮጵያ ተወላጅም ሆነች ሌላ ሴት የመድኃኒቱን ውጤትና መዘዝ በቅጡ አልተረዳችው ይሆናል የሚል ሥጋት ካለ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ ማዘዣ እንዳይታደስላት፣ አስፈላጊ ሲሆንም አስተርጓሚ እንዲቀርብ ያዛል። ዋና ዳይሬክተሩ ስለቀረበው ክስ እውነትነት አቋም እንደማይወስዱ በዚያው ደብዳቤ ገልጸዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ዜናው በዓለም ዙሪያ «እስራኤል ኢትዮጵያውያንን በግድ ማምከኗን አመነች» በሚል ርእስ ተሠራጨ። በዚያ ርእስ ውስጥ ያሉት ሦስቱም ሐሳቦች፣ ማለትም ማምከን፣ በግድ እና አመነች የሚሉት፣ ከደብዳቤው የወጡ አይደሉም። ይህ ማለት ግን ምንም አልሆነም ማለት አይደለም። የሆነው ነገር ከርእሱ ይልቅ ረቀቅ ያለ ነው፤ ለሕክምና ባለሙያ የሚሰጠው ትምህርትም ከዚያው ከረቀቀው ክፍል የሚገኝ ነው።

ጉዳዩ በደብዳቤው አልጀመረም። መቀመጫውን ሐይፋ ያደረገው «ኢሻ ለኢሻ» የተባለ የሴቶች ማዕከል በ2009 ባወጣው ሪፖርት በእስራኤል ይህን መርፌ ከሚወስዱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኢትዮጵያ ተወላጆች መሆናቸውን አመልክቶ ነበር። ማኅበረሰቡ በወቅቱ ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል እንኳ አይሞላም። እስራኤል ውስጥ በብዛት የሚታዘዙት ሉፕና እንክብል ሲሆኑ፣ መርፌው ለጥቂቶች ብቻ የሚሰጥ፣ አብዛኛው ሐኪም ሌላው አማራጭ ሳይስማማ ሲቀር የሚያስበው ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ሆኖም ብዙም ሰሚ አላገኘም። በዲሴምበር 2012 የእስራኤል ትምህርታዊ ቴሌቪዥን በጋዜጠኛ ጋል ጋባይ መሪነት በአንድ የምርመራ ዝግጅቱ የ35 ሴቶችን ቃል ይዞ ቀረበ። ከሴቶቹ መካከል ጎንደር ላይ የእስራኤልን ጉዞ ሲጠባበቁ መርፌውን ካልተወጉ እንደማይሄዱ ወይም የሕክምና እርዳታ እንደማያገኙ የተነገራቸው መሆኑን፣ ሌሎቹም የተወጉት ክትባት መስሏቸው እንደነበር የተናገሩ አሉ። በመጠባበቂያው ስፍራ ክሊኒኩን ያንቀሳቅስ የነበረው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት ጆይንት አገልግሎቱ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ እንደነበር በመግለጽ ክሱን አስተባበለ። በእስራኤል የሲቪል መብቶች ማኅበር ለሚኒስቴሩ አቤቱታ አቀረበ፤ የጋምዙ ደብዳቤም ለዚያ የተሰጠ ምላሽ ነው። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር ጉዳዩን መርምሮ በጃንዋሪ 2016 ባሳወቀው ውጤት መርፌው በጫና ወይም በማስፈራራት ወይም ያለ ሴቶቹ ፈቃድ ለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

እንግዲህ በአንድ በኩል የሴቶቹ ቃል፣ በሌላ በኩል የኦዲተሩ ግኝት አለ። በማኅበረሰቡ ውስጥ እስካሁን ክርክሩ ያልተዘጋው ሁለቱ ስለማይገናኙ ነው። እኔ እንደማየው ከሁለቱ አንዱን ውሸት ማድረግ አስፈላጊ አይደለም። ማንም ሳያስፈራራ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አንዲት ሴት ያልመረጠችውን መድኃኒት ለዓመታት ልትወስድ የምትችልበት መንገድ አለ፤ ያም መንገድ «ባህላቸውን እናውቃለን» በሚል ቅን አስተያየት የተጠረገ ነው።

መድኃኒቱን በቅርብ እንየው። በአንዲት አነስተኛ ብልቃጥ ውስጥ 150 ሚሊ ግራም የያዘ ነጭ፣ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ ነው። ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይናጣል፤ በክንድ ወይም በዳሌ ጡንቻ ጠልቆ ይወጋል። እናቶቻችን ከመርፌ በኋላ ቦታውን ማሸት ይወዳሉ፤ ይህን መርፌ ግን ማሸት አይፈቀድም፣ መድኃኒቱ ቀስ እያለ በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቀቅ የታሰበ በመሆኑ። እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በአግባቡ ከተወሰደ እርግዝናን በመከላከል አስተማማኝ ከሚባሉት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለወሊድ መከላከያነት የፈቀደው ከረጅም ክርክር በኋላ በ1992 ሲሆን፣ በ2004 የአጥንት ጥንካሬን ይቀንሳል የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አክሎበት ሌላ ዘዴ የማይሆን ካልሆነ በቀር ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይወሰድ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ጤናማ ሴቶች የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። ሁለት ነገሮች ደግሞ እያንዳንዷ ተጠቃሚ አስቀድማ ልታውቃቸው የሚገቡ ናቸው። የመጀመሪያው የወር አበባ መዛባት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ ይላል፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ ከተጠቃሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ጨርሶ ደም አያዩም። ሁለተኛው መርፌው ከቆመ በኋላ እርግዝና የሚመለሰው ዘግይቶ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ይህ መርፌ ከኢትዮጵያ ሴቶች ጋር ምን አገናኘው? ከእስራኤሉ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጎድለው መልስ አገር ቤት ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በ2005 ካገቡ ሴቶች መካከል ማንኛውንም የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ፣ ማለትም 10 በመቶው፣ በመርፌ ይጠቀሙ ነበር። በ2011 ጠቅላላው ወደ 29 በመቶ ሲያድግ መርፌው 21 በመቶ ደረሰ፤ በ2016 ደግሞ 36 እና 23 በመቶ ሆኑ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ጤና ኬላ መስጠት ከጀመሩ ወዲህ የገጠሯ ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ስትል ሌላ ሳታስብ «የሦስት ወሩን» ነው የምታስበው።

ምክንያቶቹ ግልጽ ናቸው። እንክብል ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ባልም አማትም ያዩታል። ክኒኑ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሉፕ ከማህፀን ተነሥቶ ወደ ልብ ይሄዳል የሚለው ወሬ ደግሞ ብዙዎችን አስፈርቷል። መርፌ ግን ገበያ ውላ በምትመለስበት ቀን ጤና ኬላ ጎራ ብላ የምትወጋው፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ማንም የማያውቅባት ነገር ነው። በዚያ ላይ መርፌ በአገራችን ከሁሉም ሕክምና በላይ የሚታመን ነው፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ሳይወጋ የተመለሰ በሽተኛ ታከምኩ አይልም። ስለዚህ ከጎንደር ገጠር የመጣች ሴት መርፌውን ትመርጣለች ቢባል ሐሰት አይደለም። ችግሩ ይህ እውነት የት ላይ እንደሚያበቃ አለመታወቁ ነው። አርማጭሆ ወይም ደንቢያ ሆና መርፌውን እንድትመርጥ ያደረጓት ነገሮች፣ ማለትም የባል ዓይን፣ የጤና ተቋም ርቀት፣ የሌላ አማራጭ እጦት፣ በመረጠችበት ቦታ የነበሩ ነገሮች ናቸው። እስራኤል ውስጥ ነታንያ ወይም ረሖቮት ከተማ ስትደርስ ግማሾቹ አብረዋት አልሄዱም። ምርጫዋ የደሟ ጠባይ ሳይሆን የኑሮዋ ሁኔታ ውጤት ስለነበር፣ ኑሮዋ ሲለወጥ እንደገና መጠየቅ ነበረባት።

በመካከል ያለው የጎንደር ጥበቃ ለብቻው መታየት አለበት። ቤተ እስራኤል ከሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል ብዙዎች፣ ከዚያም በሜይ 1991 በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከተወሰደ በኋላ፣ አባቶቻቸው ወደ ክርስትና የተመለሱባቸውና በተለምዶ ፈላሻ ሙራ የሚባሉት ወገኖች ቀርተው ነበር። እነዚህ ሰዎች መሬታቸውንና ከብታቸውን ትተው ጎንደር ከተማ በኪራይ ቤት እየኖሩ ለዓመታት ጠበቁ። ማን እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ የሚወስነው የእስራኤል የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። የጤናውን አገልግሎት የሚሰጠው ሌላ፣ ምግቡን የሚረዳው ሌላ፣ የዕብራይስጡን ትምህርት የሚሰጠው ሌላ ነው። ይህን የሥራ ክፍፍል በወረቀት ላይ ማሳየት ይቻላል። ልጆቿን ይዛ ስሟ እስኪጠራ ለምትጠብቅ ሴት ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ሁሉም «እስራኤሎቹ» ናቸው። ስለቤተሰብ ምጣኔ የሚያስተምራት ሰው «እዚያ አገር ብዙ ልጅ ያስቸግራል፣ ቤት አይገኝም፣ ሥራ አይገኝም» ቢላት ምክር መስሎት ሊሆን ይችላል፤ እሷ የምትሰማው ግን የመግቢያ ቅድመ ሁኔታ ነው። የሚያስፈራራ ሰው ሳይኖር ፍርሃት ሊኖር የሚችለው እንዲህ ነው። ኦዲተር መዝገብ ሲያገላብጥ ማስፈራሪያ አያገኝም፤ ሴቲቱ ስትጠየቅ ደግሞ ፈርቼ ነው ብትል አልዋሸችም። በስደተኞች መጠለያ፣ በእስር ቤት፣ ወይም ቪዛ በሚጠበቅበት ማንኛውም ቦታ የሚሰጥ የጤና ምክር ይህ ጥላ አለበት። ምክሩን የሚሰጠው ሰው «ብትወስጂም ባትወስጂም ጉዞሽ አይነካም» ብሎ በግልጽ፣ ደጋግሞ፣ ባሏና ሽማግሌዎች ባሉበትም ጭምር ካልተናገረ ዝምታው ራሱ ማስገደድ ይሆናል።

እስራኤል ከደረሰች በኋላ ያለው የባሰ ተራ ነው። በመቀበያ ማዕከሉ፣ እነሱ «መርካዝ ክሊታ» በሚሉት፣ አቅራቢያ ያለው ክሊኒክ የሚቀበላት ሐኪም ከፊቱ አንድ ወረቀት ያገኛል፤ የመጨረሻው መርፌ የተሰጠው በዚህ ቀን፣ ቀጣዩ በዚህ ቀን ይላል። ሐኪሙ ዕብራይስጥ ወይም ሩስኛ ይናገራል፣ እሷ አማርኛ ወይም ትግርኛ። ከውጭ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ብዙ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድ ሴት ስትመጣ ቀጠሮዋ ከሆነ ይወጋላታል፤ ይህ በየትኛውም አገር ክሊኒክ የሚደረግ ነው። «ለምን ይህን መረጥሽ? ሌላስ ታውቂያለሽ? ልጅ ትፈልጊያለሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች ጎንደር ላይ ተጠይቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ጎንደር ያለው ባለሙያ ደግሞ እስራኤል ስትደርስ በዝርዝር ይጠይቋታል ብሎ አስቦ ይሆናል። እንዲህ እያለ መርፌው ሦስት ወር በሦስት ወር ይቀጥላል። አንድ ሐኪም ስለ ልዩነቱ ሲጠየቅ «እነሱ መርፌ ይወዳሉ፣ ክኒን በየቀኑ መዋጥ ይረሳሉ» ብሎ ሲመልስ ክፋት የለበትም፤ የባህል ሥልጠና ወስዶ ሊሆንም ይችላል። ስለ አንድ ሕዝብ የሚታወቅ ነገር አንዲቱን ሴት ለመጠየቅ መነሻ መሆኑ ቀርቶ በጥያቄው ቦታ ሲገባ ግን ከድንቁርና አይሻልም። እንዲያውም ካለማወቅ የከፋበት ጊዜ አለ፣ ምክንያቱም የማያውቅ ሰው ቢያንስ ይጠይቃል።

ባህል የሚባለውን በእውነት ማወቅ ቢያስፈልግ ኖሮ መታወቅ የነበረበት ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ ደም ያለው ሥርዓት። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመኖሪያ ቤቷ ወጥታ በመንደሩ ዳር በተሠራ የመርገም ጎጆ ሰባት ቀን ትቀመጣለች፤ ጎጆዋ ዙሪያውን በድንጋይ የተከበበች ናት፣ ምግብ የሚያመጡላት ዕቃዋን ሳይነኩ ያቀብሏታል፣ ሲያበቃ በወራጅ ውሃ ታጥባ ትመለሳለች። ከወለደች ደግሞ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ትለያለች። እስራኤል ውስጥ ጎጆው ቀረ፤ በሦስተኛ ፎቅ አፓርታማ መርገም ጎጆ አይሠራም። የንጽሕናው ስሜት ግን አልቀረም። አንዳንዶች የተለየ ክፍል፣ የተለየ ዕቃ በመያዝ አቆዩት፤ ወደ አይሁድ ሥርዓት በመመለስ ሂደት ውስጥ ያሉትም ሕጉን እንደ አዲስ በጥብቅ የሚማሩ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት በየጥቂት ቀኑ ያለ ጊዜው ጠብ የሚል ደም በመረጃ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር የሚታለፍ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» አይደለም። ከባሏ የምትለይበት፣ ዳቦ ጋግራ ለማቅረብ የምትሳቀቅበት፣ መቼ ንጹሕ እንደምትሆን የማታውቅበት ወራት ነው። ከዓመት በኋላ ደግሞ ደሙ ጨርሶ ሲቀር ሌላ ጭንቀት ይመጣል። በአገራችን ያልወረደ ደም ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆናል፣ ራስ ያዞራል፣ ወገብ ይቆርጣል የሚል እምነት የቆየ ነው። ሴቲቱ ክሊኒክ ስትመጣ የምትናገረው ወገቤንና ራሴን ብላ ነው። ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ያዝላታል። ከመርፌው ጋር ማንም አያገናኘውም።

እዚህ ላይ የታሪክ ቁስል ይጨመራል። በጃንዋሪ 1996 የእስራኤል ጋዜጣ ማዓሪቭ እንዳጋለጠው የአገሪቱ የደም ባንክ ኢትዮጵያ ተወላጆች የሚለግሱትን ደም ለዓመታት እየተቀበለ ለጋሾቹ ሳይነገራቸው ይጥል ነበር፤ ምክንያቱ የኤች አይ ቪና የሌሎች በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ሥጋት ነው ተባለ። ብዙ ሺህ ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጥቶ ከፖሊስ ጋር ተጋጨ፤ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይትስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚሽንም ተቋቋመ። ሰዎቹን ያስቆጣቸው ደማቸው አለመፈለጉ ብቻ አልነበረም፤ ሊከብድ የሚችለውን እውነት ሊቋቋሙ አይችሉም ተብሎ መሸሸጉ፣ ፈገግ ብሎ ተቀብሎ ከጀርባ መጣሉ ነበር። ስለዚህ ከ16 ዓመት በኋላ ስለ መርፌው ሲሰማ ማኅበረሰቡ ከባዶ አልተነሣም። «ያኔም ደብቀውን ነበር» የሚለው ሐሳብ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ለዚህ ማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሰጥ ባለሙያ 1996ን የማያውቅ ከሆነ፣ ደም ልትሰጥ ፈቃደኛ ያልሆነችን ሴት ግትር ብሎ መዝግቦ ያልፋል።

ወደ ኦዲተሩ ግኝት እንመለስ። ማስረጃ አለመገኘቱን በበኩሌ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የተጠየቀው ጥያቄ ጠባብ ነበር። ማስገደድ ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አልተገኘም ነው። በእውቀት ላይ የተመሠረተ ፈቃድ ነበር ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የአንደኛው መልስ ለሁለተኛው አይሆንም። በተቃራኒው ወገን ደግሞ ክሱን ለማጠናከር የቀረበው ዋና መከራከሪያ፣ የማኅበረሰቡ ወሊድ በአሥር ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ የሚለው፣ ብቻውን የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ብዛት በአማካይ በ2000 ከነበረው 5.5 በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል፤ አዲስ አበባ ከሁለት በታች ነው። ከገበሬ መንደር ወደ ከተማ አፓርታማ የሄደ፣ ሴት ልጆቹን አስተምሮ ጋብቻን ያዘገየ ማኅበረሰብ ያለ ማንም ሴራ ወሊዱ ይቀንሳል። ይህን መናገር የሴቶቹን ቃል ማጣጣል አይደለም፤ ቃላቸው በቁጥር ሳይደገፍም ራሱን ችሎ ሊሰማ የሚገባው ነው። ማምከን የሚለው ቃል ደግሞ ለሴቶቹ ጉዳት ነበር፣ ምክንያቱም የሚመለስ መድኃኒት የወሰዱትን ሴቶች መካን ሆናችኋል ብሎ አስፈራራቸው።

ደብዳቤውስ? መንፈሱ ጥሩ ነው፤ አስተርጓሚ ይቅረብ ማለቱ ከመዘግየቱ በቀር ምንም አይወጣለትም። አንድ ጉድለት ግን አለበት። ከተጠረጠረው ሁኔታ፣ ማለትም ካልተረዳ ሕመምተኛ፣ ይልቅ መጀመሪያ የጠራው ዘርን ነው። «ወይም ሌላ ሴት» የሚለው ሐረግ ቢኖርም፣ የሐኪሙ ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ መርፌውን አውቃ፣ መርጣ፣ ተስማምቷት ስትወስድ የኖረች የኢትዮጵያ ተወላጅ ነርስ ወይም ጠበቃ ወደ ክሊኒክ ብትመጣ ምን ይጠብቃታል? ትናንት ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ሳይጠየቅ የተሰጣት ዛሬ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ይከለከላታል። ሁለቱም ውሳኔዎች የተወሰኑት እሷን ሳይሆን ትውልዷን አይቶ ነው።

ለትክክለኛው አሠራር አዲስ ሕግ አያስፈልግም ነበር። በዚያው በ1996 የወጣው የእስራኤል የሕሙማን መብት ሕግ ሐኪሙ ስለ ሕክምናው፣ ስለ አደጋው፣ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱና ስለ ሌሎች አማራጮች ሕመምተኛው ከሁሉ ይልቅ ሊረዳው በሚችልበት መንገድ እንዲያስረዳ ያስገድዳል። በ2011 ሚኒስቴሩ የጤና አገልግሎት በቋንቋና በባህል ተደራሽ እንዲሆን መመሪያ አውጥቶ በ2013 መጀመሪያ ላይ ተግባራዊ እንዲሆን ቀን ቆርጦ ነበር። የመርፌው ወሬ የፈነዳው እንግዲህ ቀነ ገደቡ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነው። ሕጉ ነበረ፤ መመሪያውም ነበረ፤ የጎደለው በክሊኒኩ ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ በብዙ ክሊኒኮች የሚታየው አስተርጓሚ ልጅ ነው። ዕብራይስጥ ከእናቷ ቀድማ የተማረች የ11 ዓመት ልጅ ስለ እናቷ ወር አበባና ከአባቷ ጋር ስላላት ግንኙነት እንድታስተረጉም ትቀመጣለች። እናት የምትናገረውን ትመርጣለች፤ ልጅ ያፈረችበትን ትዘላለች፤ ሐኪሙም አጭር መልስ ስለሚያገኝ የተግባቡ ይመስለዋል። ከማኅበረሰቡ የመጣ ጎልማሳ ወንድ አስተርጓሚ ከሆነም አይሻልም፤ የአክስቷ ልጅ ወይም የቄሱ ወንድም የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። በአማርኛ የተተረጎመ ወረቀት መስጠትም ፊደል ላልቆጠረች ሴት ምንም አይፈይድም፤ ዕድሜያቸው የገፋ አብዛኞቹ የገጠር ሴቶች በየትኛውም ቋንቋ አያነቡም። የሚሻለው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት የስልክ አስተርጓሚ ነው፤ ፊቷን የማታያት፣ ስሟን የማታውቅ ሴት ከሆነች ይበልጥ። እስራኤል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለ የሕክምና የስልክ አገልግሎት ተቋቁሟል።

አስተርጓሚ ሲኖርም አጠያየቁ ወሳኝ ነው። የገጠር ሴት ሐኪም ፊት አትከራከርም፤ ገባሽ ወይ ብትባል አልገባኝም ማለት አስተማሪውን መስደብ ስለሚመስላት ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። ስለዚህ ገባሽ ወይ የሚለውን ጥያቄ መተው ይሻላል። ለምሳሌ አንዲት ነርስ እንዲህ ብትል ሌላ በር ይከፈታል፦

«እህቴ፣ እስቲ ያልኩሽን ለእኅትሽ ልጅ ንገሪልኝ፤ ይህን መርፌ ልወጋ ነው ብትልሽ ምን ምን ትያታለሽ?»

«ሦስት ወር አታረግዢም እላታለሁ።»

«ደሟስ?»

«እሱን እንጃ። ይቀራል ማለት ነው? የት ይሄዳል ታዲያ?»

የሦስት ደቂቃ ውይይት ነው፤ ግን የደም ጉዳይ ሳይነገር መታለፉ እዚህ ላይ ይያዛል። ነርሷም ደሙ የትም እንዳልተጠራቀመ፣ መድኃኒቱ የማህፀኑን ግድግዳ ስላሳሳው የሚወርድ ነገር እንዳልተፈጠረ ታስረዳታለች። ከዚያም «እንደ ሥርዓታችሁ ደም ሲመጣ የምታደርጊው ነገር አለ? ያለ ጊዜው ቢመጣ ያስቸግርሻል?» ብላ ትጠይቃለች። አንዷ አዎ ያስቸግረኛል ብላ ሉፕ ልትመርጥ ትችላለች፤ ሌላዋ፣ ጎንደር ሳለሁም ግድ አልነበረኝም ብላ መርፌውን ትቀጥላለች። ሁለቱም ከአንድ መንደር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። በመዝገቡ ላይም «የጎንዮሽ ጉዳት ተነግሯታል» ከሚለው ማኅተም ይልቅ ሴቲቱ በራሷ አነጋገር የመለሰችው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመረምር ኦዲተርም የሚጨበጥ ነገር ይኖረዋል።

የቀረው ከደብዳቤው በኋላ መርፌውን ያቆሙት ሴቶች ጉዳይ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመለስ በአማካይ ዘጠኝ እስከ አሥር ወር ይፈጃል፤ አብዛኞቹ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ያረግዛሉ፣ ለአንዳንዶች ግን ከዚያም ይዘገያል። በ2013 መጀመሪያ ላይ ማዘዣዋ ያልታደሰላት፣ ልጅ የምትፈልግ ሴት በመኸር ገና ሳታረግዝ ብትቀር የሚገርም ነገር የለም። በዚያው ወራት ቴሌቪዥኑም ጎረቤቱም አምክነዋችኋል ሲላት ነው የሰነበተው። መርፌውን ለሚያቆም ሐኪም እንግዲህ ማዘዣውን አለማደስ ብቻ በቂ አይሆንም። መርፌው መካን እንደማያደርግ፣ ወር አበባዋ ለወራት ተዛብቶ ሊቆይ እንደሚችል፣ እርግዝናው እንደሚዘገይ፣ አሁን ማርገዝ ካልፈለገች ደግሞ ዛሬውኑ ሌላ ዘዴ መጀመር እንዳለባት፣ ስድስት ወር ቆይታ እንድትመጣና ዓመት ተኩል ካለፈ ለምርመራ እንደምትላክ በአስተርጓሚ ሊነግራት ይገባል።